የሳምፕለሩ ፍሎፒ፦ የተተካው ድራይቭና ያልተተካው ዲስክ

ሶኒ በኤፕሪል 2010 ባወጣው መግለጫ፣ በጃፓን የሚሸጠውን የ3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ማርች 2011 ላይ ማቅረቡን እንደሚያቆም አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲስኩን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ለገበያ ያበቃው ይኸው ኩባንያ ነበር። ውሳኔው አብዛኛውን ሰው አላስደነገጠም። አፕል ፍሎፒ ድራይቭ የሌለውን አይማክ ካወጣ 12 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የቢሮ ሠራተኛውም ተማሪውም ሰነዱን በፍላሽ ይዞ መዞር ከጀመረ ሰነባብቶ ነበር። ፍሎፒ ግን ከኮምፒዩተር ውጭ ብዙ ቦታ ሥር ሰዶ ነበር። የጥልፍ ማሽኖች ንድፋቸውን፣ የብረት መቁረጫ ማሽኖች ፕሮግራማቸውን፣ ቦይንግ 747-400 አውሮፕላኖች በየ28 ቀኑ የሚታደሰውን የበረራ መረጃቸውን ይቀበሉ የነበረው በፍሎፒ ነው። ከእነዚህ ጋር የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የሙዚቃ ሳምፕለሮች ይቆጠራሉ። ይህ ጽሑፍ የእነሱን ታሪክ ይከተላል፤ ፍሎፒ ድራይቭ እንዴት ወደ ሳምፕለር እንደገባ፣ በምን እንደተበላሸ፣ በምን እንደተተካ፣ ሲተካም ምን እየጠፋ እንዳለ።

ሳምፕለር ድምፅ ቀድቶ ወደ ቁጥር የሚለውጥ፣ ከዚያም ኪቦርድ ወይም ፓድ ሲነካ ያንኑ ድምፅ በተፈለገው ከፍታ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። የገበያ ታሪኩ የሚጀምረው ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ ነው። ፒተር ቮገልና ኪም ራይሪ ቶኒ ፈርስ ቀድሞ በነደፈው ኮምፒዩተር ላይ ተመሥርተው የሠሩት ፌርላይት ሲ.ኤም.አይ. በ1979 ለሽያጭ ቀረበ። እንግሊዝ አገር ሲገባ ዋጋው ወደ 18 ሺህ ፓውንድ ይደርስ ነበር። ከቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ፒተር ጋብርኤልና ኬት ቡሽ ይገኛሉ። የድምፅ ማስቀመጫው ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ነበር።

ያ ዲስክ በወቅቱ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1971 ከሳን ሆዜ ቤተ ሙከራው ሲያወጣው ለሰነድ ማስቀመጫ አላሰበውም። ሲስተም 370 የተባሉት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ሲበሩ የሚያስፈልጋቸውን መሠረታዊ ትእዛዝ የሚጭንላቸው፣ በፖስታም ሊላክ የሚችል ርካሽ ነገር ተፈልጎ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ድራይቭ ያነብ እንጂ አይጽፍም ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ሳምፕለሮች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍሎፒን ወደዚሁ የጥንት ሥራው ይመልሱታል።

በካሊፎርኒያ የኢ-ሚዩ ኩባንያ መሥራች ዴቭ ሮዘም ፌርላይትን በ1980 በአንድ የድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አየው። ያየው ነገር ማረከውም፣ አላረካውም። ፌርላይት ለእያንዳንዱ ድምፅ የየራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው ሰሌዳ ነበረው። ሮዘም ግን ሁሉም ድምፆች አንድ ማህደረ ትውስታ ቢጋሩ ዋጋው በብዙ እንደሚቀንስ ተገነዘበ። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ኢሚዩሌተር በ1981 ወጣ። 128 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታና አንድ ባለ 5.25 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ ነበረው። የመጀመሪያው ማሽን የሄደው ለስቲቪ ዎንደር ነው።

ድራይቩ ለምን አስፈለገ? የዚያ ዘመን ማህደረ ትውስታ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሙዚቀኛው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲቀዳና ሲያስተካክል የዋለው የከበሮ ድምፅ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ ብን ብሎ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ ውድ ነበር፤ ቴፕ ዘገምተኛ ነበር። በዋጋም በፍጥነትም የሚመች ፍሎፒ ብቻ ሆነ። በዚህ ምክንያት ሳምፕለሩ ሲጠፋ ባዶ ዕቃ ነው፤ ሙዚቃው ያለው በዲስኩ ላይ ነው። ስለ ጥገና የምንነጋገረው ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ እኔም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

አንዳንድ ማሽኖችማ ዲስክ ከሌለ ማን እንደሆኑም አያውቁም። በፔንስልቬንያ ግዛት ማልቨርን የነበረው ኢንሶኒክ የተመሠረተው ከሞስ ቴክኖሎጂ በወጡ መሐንዲሶች ነው። አንዱ ቦብ ያነስ የኮሞዶር 64ን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ሰው ነው። ይህ ቡድን በ1985 ገበያ ያስገባው ሚራጅ ዋጋው 1,695 ዶላር ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ኢሚዩሌተር 2 በ7,995 ዶላር ይሸጥ እንደነበር ስናስብ ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ይገባናል። ርካሽ ያደረገው አንዱ ብልሃት የማሽኑን ዋና ፕሮግራም በቋሚ ቺፕ ፋንታ በዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሚራጅ ሲበራ በውስጡ ያለችው አጭር ትእዛዝ አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ዲስኩን አንብቢ። ዲስኩ ፕሮግራሙን፣ ለኪቦርዱ የታችኛው ክፍል ሦስት፣ ለላይኛውም ሦስት ድምፆችን ይይዛል። ዲስክ ከሌለ ወይም ድራይቩ ካላነበበ፣ ቁልፎቹ ቢጫኑ ምንም ድምፅ የለም። ሮላንድም በ1986 ባወጣው ኤስ-50 እና በ1989 ባወጣው ደብልዩ-30 ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። ደብልዩ-30 ፕሮዲጂ በተባለው የእንግሊዝ ቡድን መሪ በሊያም ሀውሌት እጅ የታወቀው ማሽን ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1971 ለኮምፒዩተር ማስነሻ የፈጠረው ነገር በሙዚቃ መሣሪያ ሆድ ውስጥ የድሮ ሥራውን ቀጠለ ማለት ነው።

በጃፓን በኩል አካይ ነበር። ቀድሞ በለንደኑ ኢ.ኤም.ኤስ. ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኮከሬል ለአካይ የነደፋቸው ኤስ900 (1986) እና ኤስ1000 (1988) በየስቱዲዮው መደርደሪያ ቋሚ ቦታ ያዙ። አሜሪካዊው ሮጀር ሊን የራሱ ኩባንያ ከተዘጋ በኋላ ከአካይ ጋር ሆኖ በ1988 ኤምፒሲ60ን አወጣ። ሁሉም የ3.5 ኢንች ድራይቭ ነበራቸው።

በእነዚህ ዓመታት የተሠራው ሙዚቃ በማህደረ ትውስታውና በዲስኩ መጠን ልክ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ የሚገልጸው የኢ-ሚዩ ኤስፒ-1200 ነው። ከእሱ በፊት በ1985 የወጣው ኤስፒ-12 ለማስቀመጫ ከውጭ የሚገጠም የኮሞዶር ድራይቭ ይጠቀም ነበር። በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 ግን ድራይቩን በራሱ አካል ላይ ይዞ መጣ። የሚቀዳው በጠቅላላ 10 ሰከንድ ነው፤ አንዱ ድምፅ ደግሞ ከ2.5 ሰከንድ መብለጥ አይችልም። የኒው ዮርክ ሂፕ ሆፕ አዘጋጆች መላ አበጁለት። በደቂቃ 33 ዙር እንዲሽከረከር የተሠራውን ሸክላ በ45 አዙረው በፍጥነት ይቀዱታል፤ ከዚያ በማሽኑ ላይ መልሰው ያወርዱታል። በሰከንዶቹ ውስጥ ብዙ ሙዚቃ ይገባል፤ ድምፁም ሲወርድ ሻካራና ወፍራም ይሆናል። ያ ሻካራነት በኋላ የአንድ ዘመን መለያ ሆነ። ሥራው ሲያልቅ በዲስክ ይቀመጣል፤ ማህደረ ትውስታው ይጸዳል፤ ሌላው ይጀመራል። የአንድ አዘጋጅ የዓመታት ሥራ ማለት በካርቶን የታጨቁ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው ዲስኮች ማለት ነበር።

የዲስኮቹ አጻጻፍም እንደየኩባንያው የተለያየ ነው። በ1987 ከአይ.ቢ.ኤም. ፒኤስ/2 ጋር የተስፋፋው የኮምፒዩተር ዲስክ በሁለት ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ 80 ትራክ፣ በእያንዳንዱ ትራክ 18 ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት አድርጎ 1.44 ሜጋባይት የተባለውን ይይዛል። አካይ ትልልቅ የ1,024 ባይት ክፍሎችን መርጦ ከዚያው ዲስክ 1.6 ሜጋባይት አወጣ። ኢፒኤስ የተባለው የኢንሶኒክ ሳምፕለር አነስተኛ መጠን በሚይዘው የ3.5 ኢንች ዲስክ ትራክ ላይ 10 ክፍል ጻፈ፤ ተራው ኮምፒዩተር በዚያ ዲስክ 9 ብቻ ነው የሚጽፈው። ሚራጅ በአንድ ትራክ ላይ አምስት ትልልቅና አንድ ትንሽ ክፍል አዳቀለ። እያንዳንዷን ኪሎባይት ለማዳን የተደረገ ብልሃት ነው፤ በዚያን ጊዜ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን እነዚህን ዲስኮች ተራ የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ውስጥ የሚከት ሰው ኮምፒዩተሩ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አዎ ያለ ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ይደመስሳል።

ማህደረ ትውስታ እየረከሰ ሲሄድ ፍሎፒ ጠበበ። ኤስ1000 ሲወጣ 2 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ስለነበረው አንድ ሙሉ ማሽን በአንድ ዲስክ አይገባም ነበር፤ ማህደረ ትውስታው ሲያድግ ደግሞ የዲስክ ቁልል ተራ በተራ መመገብ ግድ ሆነ። ስለዚህ ስካዚ በተባለው መስመር ሃርድ ዲስክና ከ1994 ወዲህ ባለ 100 ሜጋባይቱን ዚፕ ድራይቭ ማያያዝ ተለመደ። ይሁን እንጂ ቀደምቶቹ ማሽኖች ይህ መስመር የላቸውም፤ ካላቸውም መካከል ለመነሣት ፍሎፒ የሚጠይቁ አሉ። ፍሎፒ ድራይቩ እስከ መጨረሻው አልተፈታም።

ድራይቩ ስስ መሣሪያ ነው። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለት ጥቃቅን የማንበቢያና የመጻፊያ ሄዶች ከላይና ከታች ይነኩታል። 80ዎቹ ትራኮች የተደረደሩት በ15 ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያንሳል። ሄዱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ይህን ርቀት ሳይስት መራመድ አለበት። በጊዜ ብዛት ጉዳቱ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በፋብሪካ የተቀባው ግራሶ ይደርቅና ሄዱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ይያዛል። ቺንጋ ባላቸው ድራይቮች፣ ለምሳሌ አካይ በ1985 ለኤስ612 በሠራው የ2.8 ኢንች ዲስክ ማጫወቻ፣ ጎማው ይላላል ወይም ይበጠሳል። ካፓሲተሮች ፈሳሽ አፍስሰው ሰሌዳውን ይበሉታል። ዲስኩም እንደ ካሴት ክር በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው፤ ማጣበቂያው ሲያረጅ ዱቄቱ ይረግፍና ሄዱ ላይ ይጋገራል። የቆሸሸ ሄድ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል።

ቀላሉ ሕክምና በአልኮል ሄዱን መጥረግ፣ የደረቀውን ግራሶ አንሥቶ አዲስ መቀባት፣ ቺንጋ መቀየር ነው። ብዙ ድራይቭ በዚህ ይድናል፤ ይህን ሳይሞክር ወደ መቀየር የሚሮጥ ሰው ይቸኩላል ባይ ነኝ። የማይድን ሲሆን ግን ምትክ ይፈለጋል።

መጀመሪያ የተሞከረው ከኮምፒዩተር የተነቀለ ድራይቭ መግጠም ነው። መጠኑ አንድ ነው፤ የጀርባው ባለ 34 እግር ሶኬት አንድ ነው፤ ኬብሉ ልክክ ይላል። ማሽኑ ግን «ዲስክ የለም» ይላል። ብዙ ሰው ግራ የገባው እዚህ ላይ ስለነበር ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል።

ባለ 34 እግሩ ሶኬት የመጣው ሹጋርት አሶሺየትስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1976 ካወጣው የ5.25 ኢንች ድራይቭ ነው። መሥራቹ አለን ሹጋርት ቀደም ሲል በአይ.ቢ.ኤም. የፍሎፒን ልማት ከመሩት አንዱ ነው፤ ይህ ድራይቭ ሲወጣ ግን ከራሱ ኩባንያ ለቅቆ ነበር። ሌሎች አምራቾች ይህን አሠራር እየተቀበሉት ሄዱ፤ ሳምፕለር ሠሪዎችም ተቀበሉት። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ድራይቭ ቁጥር አለው፤ ብቸኛው ድራይቭ ዜሮ ይባላል። አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ድራይቮቹ ሁሉ በቁጥር አንድ እንዲዘጋጁ አድርጎ ልዩነቱን በኬብሉ ላይ በተጠመዘዙ ጥቂት ሽቦዎች ፈታው። ሳምፕለሩ ዜሮን ይጠራል፤ የኮምፒዩተሩ ድራይቭ ስሙ አንድ ስለሆነ አይመልስም።

ሁለተኛው ችግር 34ኛው እግር ነው። በብዙ ሳምፕለሮች ይህ እግር «ዲስኩ ገብቷል፣ እየዞረ ነው፣ ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ይይዛል። በኮምፒዩተር በኩል ደግሞ ከ1984ቱ ፒሲ/ኤቲ ወዲህ ያው እግር «ዲስኩ ተቀይሯል» የሚል ሌላ መልእክት ይይዛል። ሳምፕለሩ ዝግጁነቱን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ተስፋ ይቆርጣል። የ1980ዎቹ ድራይቮች ይህን ሁሉ ለመቀየር ትንንሽ መምረጫዎች ነበሯቸው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተነቅለውባቸዋል። ስለዚህ ጠጋኞች በድራይቩ ሰሌዳ ላይ ቀጭን መስመር በስለት እየቆረጡ፣ ሌላ ቦታ ሽቦ እየበየዱ ማስማማት ጀመሩ። የዲስኩም እጥረት ተጨመረ። አነስተኛ መጠን የሚይዘው ዲስክ ከገበያ ሲጠፋ ብዙ የሚይዘውን ዲስክ መለያ ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖ መጠቀም ተለመደ፤ የሁለቱ የመግነጢስ ባሕርይ ስለሚለያይ እንዲህ የተጻፈ ዲስክ ብዙ ጊዜ አይታመንም።

መውጫው የመጣው ድራይቩን በመተው ነው። የሹጋርት መስመር የሚያስተላልፈው ጥቂት ምልክት ብቻ ነው። ሳምፕለሩ «ሞተር ይነሣ፣ አንድ ትራክ ወደ ውስጥ፣ አንድ ወደ ውጭ፣ የላይኛው ገጽ፣ ጻፍ» ይላል። ድራይቩ «ዜሮ ትራክ ላይ ነኝ፣ አንድ ዙር ሞላ፣ ዲስኩ ለመጻፍ ተከልክሏል» እያለ ይመልሳል፤ የተነበበውንም እንደ ምት ጅረት ይልካል። ከመስመሩ ማዶ እውነተኛ ዲስክ ይኑር አይኑር ሳምፕለሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንስዋ ዴል ኔሮ በ2006 የጀመረው ኤች.ኤክስ.ሲ. የተባለ ሥራ ይህን ተጠቀመበት። አንዱ ሰሌዳው በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ከኤስዲ ካርድ ያነብባል። ሰሌዳው ሳምፕለሩ የላከውን የእርምጃ ምት ይቆጥራል፣ ሄዱ የትኛው ትራክ ላይ መሆን እንደነበረበት ያሰላል፣ የዚያን ትራክ ይዘት ከፋይል አውጥቶ በትክክለኛው ፍጥነት ይለቃል። በየ200 ሚሊ ሰከንዱም «አንድ ዙር ሞላ» የሚለውን ምት መስጠት አለበት፤ የሚዞር ነገር ባይኖርም ሳምፕለሩ ይጠብቀዋልና።

ይህን ለብዙኃኑ ያደረሰው ግን ለሙዚቃ ፈጽሞ ያልታሰበ ዕቃ ነው። ጎቴክ የተባለው የቻይና አምራች ለጥልፍ፣ ለሽመናና ለብረት መቁረጫ ማሽኖች ብሎ የሠራው ሣጥን ልክ የ3.5 ኢንች ድራይቭ ያህላል። ከፊቱ የፍላሽ ቀዳዳ፣ ሁለት ቁልፍና ሦስት አኃዝ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ከኋላው ያው ባለ 34 እግር ሶኬት። በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገዛል። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያውቀው ግን የተለመደውን የኮምፒዩተር አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ ለአካይና ለኢንሶኒክ አይሆንም ነበር። በሆዱ ያለው ቺፕ ግን እንደገና ሊጫንበት የሚችል ነው። መጀመሪያ የኤች.ኤክስ.ሲ. ፕሮግራም በክፍያ ተዘጋጀለት። በ2010ዎቹ መገባደጃ ደግሞ ኪር ፍሬዘር ፍላሽፍሎፒ የተባለውን አወጣ። ፍሬዘር ከዚያ በፊት የሚታወቀው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተወለደውን ዜን የተባለ ትልቅ የኮምፒዩተር ሥርዓት ከሠሩት አንዱ በመሆኑ ነው። ፍላሽፍሎፒን ለማንም ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ ለቀቀው።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የሳምፕለሩ ክዳን በካቻቢቴ ይፈታል፤ አሮጌው ድራይቭ ይወጣል፤ ጎቴኩ በቦታው ይገባል። ከሶኬቱ አጠገብ ኤስ0 እና ኤስ1 ተብለው የተጻፈባቸው መምረጫዎች የድራይቩን ቁጥር ይወስናሉ፤ ለሳምፕለር ብዙውን ጊዜ ኤስ0 ይያዛል። በፍላሹ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። እዚያ ውስጥ «አስተናጋጁ አካይ ነው» ወይም «ኢንሶኒክ ነው» የምትል አንድ መስመር ስትጻፍ ፕሮግራሙ የዲስኩን ፋይል በዚያ ኩባንያ አከፋፈል ያነበዋል። «መስመሩ ሹጋርት ነው» የምትል ሌላ መስመር የ34ኛውን እግር ጣጣ ትፈታለች፤ ለአካይ ኤስ950 ብቻ የተዘጋጀ ምርጫም አለ። በስለትና በብየዳ ይሠራ የነበረው ሁሉ ወደ ሁለት መስመር ጽሑፍ ወረደ። ጎቴክ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ቺፕ ለውጦ ሌላ ኩባንያ የሠራውን ሲያስገባም ፍሬዘር ፕሮግራሙን ለአዲሱ አስማምቶታል። ያለ ደመወዝ እንዲህ ያለ ትጋት መመስገን ይገባዋል።

አምራቾቹም በመጨረሻ ይህንኑ መንገድ ያዙ። ዴቭ ሮዘም በራሱ ስም ባቋቋመው ኩባንያ በ2021 ኤስፒ-1200ን እንደገና ሲያወጣ በፍሎፒው ቦታ የኤስዲ ካርድ ነበር። ፍሎፒን ወደ ሳምፕለር ካስገቡት ሰዎች አንዱ ራሱ አወጣው።

አሮጌ ድራይቭ መለወጥ የመሣሪያውን ታሪካዊነት ይነካል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለሙዚየም ዕቃ ይሠራል። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ይጠቀምበት የነበረው ኤምፒሲ3000 በዋሽንግተን በ2016 በተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ ያን መሣሪያ ማንም በካቻቢቴ ሊነካው አይገባም። በየቀኑ ለሚሠራበት ማሽን ግን መልሴ ሌላ ነው። ጎቴክ ሲገጠም የሚቆረጥ ብረት የለም፤ በኤስፒም በኤምፒሲም ድምፁን የሚሠሩት ክፍሎች አይነኩም፤ አሮጌው ድራይቭ ከተቀመጠ በማንኛውም ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለ ማሽኑ አልሰጋም።

የምሰጋው ስለ ዲስኮቹ ነው። ጎቴክ የሚያጫውተው ፋይል ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ከዲስኩ መነበብ አለበት። ፋብሪካዎቹ ያወጧቸው የድምፅ ዲስኮች በብዛት ተገልብጠው ተርፈዋል። በአንድ ቅጂ ብቻ ያሉት፣ አዘጋጁ ራሱ የቀዳቸውና ያቀናበራቸው ዲስኮች ግን በየቤቱ እያረጁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጠጋኞች የማይነግሩት ነገር አለ። የድራይቭ ሄድ በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ከመስመሩ ይወጣል። ባለቤቱ አያውቀውም፤ ያው ድራይቭ የጻፈውን ያው ድራይቭ ያነበዋልና። እንዲህ የተጻፈ ዲስክ በጤነኛ ድራይቭ ላይ አይነበብም። ድራይቩ በመለኪያ ዲስክ ወደ ትክክለኛው መስመር ከተመለሰ ደግሞ ራሱም አያነበውም። ስለዚህ የተበላሸ መስሎ የሚጣለው ድራይቭ ለአንዳንድ ዲስኮች በዓለም ላይ ያለው ብቸኛ ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

ዲስኮቹን ለማዳን የሚያግዝ መሣሪያ አለ። ክራዮፍላክስና ይኸው ፍሬዘር የሠራው ግሪስዊዝል የተባሉት ሰሌዳዎች ከተራ ፍሎፒ ድራይቭ ጋር ተያይዘው፣ የዲስኩን አከፋፈል ሳይጠይቁ በላዩ ላይ ያለውን የመግነጢስ ለውጥ ከነጊዜው ይመዘግባሉ። አካይ ይሁን ሚራጅ በኋላ በኮምፒዩተር ላይ ይፈታል። ዋናው ነገር ዲስኩ በጥቂት ጊዜ መዞር ውስጥ ያለውን መስጠቱ ነው፤ ዱቄቱ የሚረግፍ ዲስክ ብዙ ዕድል አይሰጥምና።

ከዚያ ዘመን የቀረ ሳምፕለር ወይም የዲስክ ካርቶን በእጁ ያለ አንባቢ ካለ፣ ልመናዬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አሮጌው ድራይቭ ቢያቃስትም እንኳ የሚሠራ ከሆነ፣ ሄዱን ጠርጎ እያንዳንዱን ዲስክ በእሱ ያስነብብ፤ ፋይሎቹን ከአንድ በላይ ቦታ ያስቀምጥ፤ ድራይቩ ወደ መስመሩ እንዲስተካከል ለባለሙያ ከመስጠቱ በፊትም ይህን ይጨርስ። ፎርማት ይደረግ ወይ ለሚለው ጥያቄ ፈጽሞ አዎ አይበል። ጎቴኩን ከዚያ በኋላ ይግጠም፤ የወጣውን ድራይቭ የየትኛው ማሽን እንደነበር ጽፎበት ከዲስኮቹ ጋር በአንድ ሣጥን ያኑረው።